ድምፁ የጎረነነው ልጅ ከቡድኑ እንዳይወጣ፦ በወንዶች ትምህርት ቤት የአንድ ዓመት የኅብረ ዝማሬና የድራማ ሥራ

በወንዶች ትምህርት ቤት የመዝሙርና የድራማ ክበብን የሚረከብ መምህር ሁሉ ከማንኛውም ዝግጅት በፊት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም በዓመቱ መጀመሪያ የሚሰማው የልጆቹ ድምፅ በዓመቱ መጨረሻ ያው ሆኖ አለመገኘቱ ነው። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆኑ ወንዶች ልጆች በተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ በየወሩ የአንዱ ወይም የሌላው ድምፅ ይጎረንናል፤ ትናንት ከፍ ያለውን ዜማ ያለችግር ይዞ የነበረ ልጅ ዛሬ በዚያው ቦታ ላይ ድምፁ ይሰነጠቅበታል። እኔ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ሁለቱንም ክበቦች ይዤ ስሠራ ዕቅዴን ሁሉ የገነባሁት በዚህ እውነታ ዙሪያ ነበር። መዝሙሩና ድራማው በአንድ የጊዜ ሰሌዳ፣ በአንድ የልጆች ስብስብና በአንድ የዓመት ዕቅድ ከተመሩ፣ ድምፁ በመለወጥ ላይ ያለ ልጅ ሥራ አጥቶ ከቡድኑ የሚወጣበት ቀን አይኖርም ብዬ አምን ነበር፤ ዓመቱም ይህንን እምነቴን አጠናከረልኝ። ይህንን ሥራ ለሚረከቡ መምህራን ይጠቅማል ብዬ ያሰብኩትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

በልጆቹ ጉሮሮ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ መምህሩ ብቻ ሳይሆን ልጆቹም ሊያውቁት ይገባል። በጉርምስና ወቅት ማንቁርት ያድጋል፤ በውስጡ ያሉት የድምፅ አውታሮችም ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም። የረዘመና የወፈረ ክር ቀስ ብሎ ስለሚርገበገብ ዝቅ ያለ ድምፅ እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የልጁም ድምፅ እየወፈረ ይወርዳል። ከለውጡ በፊት የአንድ ወንድ ልጅ የንግግር ድምፅ በሰከንድ 250 ያህል ርግብግቢት ሲኖረው የአዋቂ ወንድ ግን ከ100 እስከ 130 ባለው መካከል ይውላል፤ ይህም በሙዚቃ ቋንቋ አንድ ኦክቴቭ (ርግብግቢቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚገኘው ርቀት) ያህል መውረድ ማለት ነው። አስቸጋሪው ነገር አካሉ በአንድ ጊዜ አለማደጉ ነው። ድምፅን የሚቆጣጠሩት ጡንቻዎች ከአዲሱ መጠን ጋር እስኪለማመዱ ድረስ ልጁ የሚፈልገውን ኖታ፣ ማለትም የዜማ ድምፅ፣ አስቦ ሌላ ኖታ ሊወጣው ይችላል። ይህ ሕመም አይደለም፣ የችሎታ ማነስም አይደለም። በመጀመሪያው የልምምድ ሳምንት ይህንን በሰሌዳ ላይ ሥዕል እየሠራሁ ለሁሉም በአንድነት አስረዳኋቸው፤ የእድገት ጉዳይ መሆኑን አስቀድሞ የሰማ ልጅ በራሱ ላይ ሲደርስ አይደነግጥም፣ በጓደኛው ላይ ሲደርስም የሚስቀው ያንሳል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የታወቀው የሙዚቃ ሊቅ ዮሴፍ ሃይድን በልጅነቱ በቪየና በቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል መዘምራን ውስጥ ይዘምር ነበር፤ ድምፁ ሲጎረንን ግን ከመዘምራኑ ተሰናብቶ ኑሮውን ራሱ እንዲገፋ ተገደደ። ለዘመናት በወንዶች ልጆች መዘምራን ዘንድ የነበረው አሠራር ይኸው ነበር፤ ድምፁ የተለወጠ ይወጣል፣ በቦታው ሌላ ይተካል። በጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ በዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ዘመን ወንዶች ልጆች እስከ 16 እና 17 ዓመታቸው ድረስ በከፍተኛው ድምፅ ይዘምሩ እንደነበር የታሪክ አጥኚዎች ይገልጻሉ፤ በእኛ ዘመን ግን ለውጡ በብዙዎች ላይ ከ12 እስከ 14 ባለው ዕድሜ ይታያል። ይህ ልዩነት ለመምህር ተግባራዊ ትርጉም አለው። ያ የጥንቱ ሙዚቃ የተጻፈው ሳንባቸው ለጠነከረ፣ ብዙ ዓመት ለሠለጠኑ ትልልቅ ልጆች ስለነበር፣ ዛሬ ለ11 ዓመት ልጅ ያንኑ ረጅም ሐረግ በአንድ ትንፋሽ እንዲዘምር መስጠት ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው።

በመሆኑም የዓመቱ የመጀመሪያ ሥራዬ መዝሙር መምረጥ ሳይሆን ድምፅ መስማት ነበር። ልጆቹን አንድ በአንድ ከመጥራት ይልቅ ሦስት ሦስት አድርጌ አስገባኋቸው፤ ብቻውን ኪቦርድ ፊት የቆመ ልጅ ጉሮሮውን ይይዘዋል፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሲሆን ግን ዘና ይላል። መጀመሪያ የማስደርጋቸው መዘመር አልነበረም፤ ከ20 ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ እጠይቃቸው ነበር። ወደ ኋላ መቁጠር ትኩረት ስለሚፈልግ ልጁ ድምፁን ለማስመሰል ጊዜ የለውም፤ የተፈጥሮ የንግግር ድምፁ ይወጣል። ያንን ድምፅ በኪቦርዱ ላይ ፈልጌ አገኘዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የወንዶች ልጆችን የድምፅ ለውጥ በደረጃ ከፍሎ ያጠናው አሜሪካዊው ጆን ኩክሲ እንዳሳየው፣ አንድ ልጅ የሚናገርበት ድምፅ ሊዘምረው ከሚችለው ዝቅተኛ ኖታ በሦስት ወይም በአራት ግማሽ ቶን (በኪቦርድ ላይ አጠገብ ለአጠገብ ባሉ ሁለት ቁልፎች መካከል ያለ ርቀት) ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ንግግሩን የሰማ መምህር የልጁን የታችኛውን ወሰን በግምት ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ከመካከለኛ ኖታ ጀምሬ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ላይ አዘምራቸውና ዝቅተኛውን፣ ከፍተኛውንና ሳይቸገሩ የሚዘምሩበትን መካከለኛ ስፋት በደብተር እመዘግባለሁ።

ይህ ደብተር የዓመቱ ዋና መሣሪያዬ ሆነ። በየሁለት ወሩ ገደማ ሁሉንም መልሼ ሰማኋቸው፤ በመካከል የአንዱ የንግግር ድምፅ ሲወፍር ከሰማሁ ደግሞ ተራውን ሳልጠብቅ እጠራዋለሁ። በለውጡ አጋማሽ ላይ ያለ ልጅ በምቾት የሚዘምርበት ስፋት አንዳንድ ጊዜ ወደ አምስትና ስድስት ኖታዎች ይጠብባል፤ ላዩ ጠፍቶበታል፣ ታቹ ገና አልመጣለትም። ደብተሩ የሌለው መምህር ይህንን ልጅ “ጆሮው ዜማ አይዝም” ብሎ ይፈርድበታል። ደብተሩ ያለው ግን ልጁ ከሦስት ወር በፊት የት እንደነበረ፣ አሁን የት እንደደረሰና ነገ ወዴት እንደሚሄድ ያያል፤ ልጁንም “ና፣ ያለፈውን ጊዜና የዛሬውን አነጻጽር” ብሎ ሊያሳየው ይችላል። ቁመታቸውን በበር መቃን ላይ ምልክት ማድረግ የሚወዱ ልጆች የድምፃቸውንም ጉዞ በዚያው ጉጉት ይከታተሉታል።

ለየድምፅ ክፍሉ የምንሰጠው ስምም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሶፕራኖ (ከፍተኛው ድምፅ) እና አልቶ (ከእርሱ ዝቅ ያለው) የሚሉትን ስሞች ልጆቹ ከሴቶች ድምፅ ጋር ስለሚያያይዟቸው፣ የ13 ዓመት ልጅ “ሶፕራኖ ነህ” ሲባል ፊቱ ይቀየራል። እኔ ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ድምፅ ብቻ አልኳቸው፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ መሄድ ማደግም መውረድም እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ለሁሉም ተራው የሚደርሰው መንገድ መሆኑን ደጋግሜ ነገርኳቸው። በሁለተኛው ድምፅ ውስጥ የለውጡ አጋማሽ ላይ ያሉት ይሰበሰባሉ፤ ስለዚህ የሁለተኛው ድምፅ መስመር ጠባብ፣ ከአምስትና ስድስት ኖታ የማይወጣና ዝላይ የሌለበት መሆን አለበት። እንዲህ ዓይነት መስመር ያለው የታተመ ሥራ በብዛት አይገኝም። እኔም አብዛኛውን ራሴ ቀለል አድርጌ ጻፍኩት፤ አንዳንዴ ከሁለት ኖታ በላይ የሌለው መስመር እንኳ በቃል ምቱ አስደሳች ከሆነ ልጆቹ በፍቅር ይዘምሩታል።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካነን የሚባሉትን፣ አንዱ ቡድን ጀምሮ ሌላው እየተከተለ የሚገባባቸውን አጫጭር መዝሙሮች መረጥኩ። ሁሉም አንድ ዜማ ስለሚማሩ ጊዜ አይፈጅም፤ ሆኖም ሲዘምሩት ወዲያውኑ ኅብረ ድምፅ ይፈጠራል፣ ልጆቹም በሌላ ዜማ መካከል የራሳቸውን ይዞ መቆምን ይለምዳሉ። ከዚያ ወደ ሁለት ድምፅ፣ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ደግሞ ወደ ሦስት ድምፅ ተሻገርን። ወደ አራት ድምፅ ለመሄድ አልቸኮልኩም። ቴነርና ባስ የሚባሉት ከፍተኛና ዝቅተኛ የአዋቂ ወንዶች ድምፆች በደንብ ተለይተው የሚወጡት ድምፁ ከረጋ በኋላ ስለሆነ፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ብቻ የባሱን የመጨረሻ ኖታዎች እንዲጫናቸው ማድረግ ጉሮሮውን ያደክመዋል። መዝሙሩ የተጻፈበት ቁልፍ፣ ማለትም የዜማው የከፍታ መሠረት፣ ካልተስማማ ደግሞ ቁልፉን መቀየር ነው፤ ኪቦርድ ይህንን አንድ ማሸጋገሪያ በመጫን ብቻ ያደርገዋልና ለጻፈው ሰው ክብር ሲባል ልጅን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ልምምዱን ሁልጊዜ የምጀምረው በሰውነት ነበር፤ ትከሻን ማንከባለል፣ እጅን ወደ ላይ መዘርጋት፣ መንጋጋን ማላላት። ወንዶች ልጆች ከመቀመጫ ተነሥተው በቀጥታ ዘምሩ ሲባሉ ይጮኻሉ፤ ሰውነታቸው ከተፍታታ በኋላ ግን ይዘምራሉ። ለትንፋሽ “ስስስ” እያሉ አየሩን ቀስ ብለው እንዲያወጡ አደርጋለሁ፤ ትከሻቸው ሳይነሣ ወገባቸው ዙሪያ ሲሰፋ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አድርገው ያረጋግጣሉ። ቀጥሎ ከንፈራቸውን እያርገበገቡ፣ አፍ ገጥመው እያንጎራጎሩ ድምፃቸውን ያሟሙቃሉ። እዚህ ላይ ሁሉም መምህር እንዲያስተውለው የምፈልገው ነገር የአቅጣጫው ጉዳይ ነው፤ ማሟሟቂያው ከላይ ወደ ታች ይሂድ። ልጁ ከፍ ካለና ቀላል ከሆነ ድምፅ ጀምሮ እየተንሸራተተ ሲወርድ፣ የላይኛው ቀላል ድምፅ ከታችኛው አዲስ ድምፅ ጋር እየተያያዘ ይመጣል፤ ከታች ጀምሮ በኃይል ወደ ላይ የሚገፋ ልጅ ግን በመካከል ይሰበርበታል፣ ከዚያም የላይኛውን ድምፁን እስከነአካቴው ይተወዋል። ድምፃቸው የተለወጠባቸው ልጆችም ያንን የላይኛውን ቀላል ድምፅ በማሟሟቂያ ላይ እንዲጠብቁት ማድረግ ከጊዜ በኋላ ሰፊ ድምፅ እንዲኖራቸው ይረዳቸዋል። ከኳስ ሜዳ ሲጮኽ ቆይቶ የመጣ፣ ጉንፋን የያዘው ወይም ድምፁ የሻከረ ልጅ በዚያን ቀን የኖታ ወረቀቱን እየተከተለ ያዳምጣል እንጂ አይዘምርም፤ መሻከሩ ከሳምንታት በላይ ከቆየ ወላጆቹ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት እነግራቸዋለሁ።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት መጨረሻ አካባቢ የሆነው ነገር ሁልጊዜ በዓይኔ ይመጣል። ከአንደኛ ድምፅ በጣም የምንተማመንበት፣ የመክፈቻውን ሐረግ ብቻውን የሚዘምር ልጅ ነበር። በልምምድ መካከል ከፍ ወዳለው ኖታ ሲወጣ ድምፁ ለሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ወደ ላይ ጮኸ፣ ሌላው ወደ ታች ወደቀ። ከኋላ ረድፍ ሳቅ ተሰማ። ልጁ የኖታ ወረቀቱን አጥፎ በደረቱ ይዞ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እኔ ምንም ሳልናገር ኪቦርዱን ሁለት ቶን አወረድኩና “ሁላችንም ከመጀመሪያው፤ አንተም በዚህ ቁልፍ ሞክረው” አልኩ። ዘመረው፤ ድምፁ የበፊቱ ባይሆንም ጨረሰው። ልምምዱ ሲያልቅ ከኋላ ረድፍ ከነበሩት ትልልቅ ልጆች አንዱ፣ ራሱ ባለፈው ዓመት ያለፈበት፣ ወደ እርሱ ሄዶ “እኔማ ወር ሙሉ ስልክ ላይ እናቴ አላወቀችኝም ነበር” አለው። ሁለቱም ሳቁ። የመክፈቻውን ሐረግ ለሌላ ልጅ ሰጠሁት፤ እርሱን ግን በዚያው ሳምንት በድራማው ውስጥ ተራኪ አደረግሁት። በዚያ ዕድሜ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ወደ ሌላ የተዛወረ ልጅ “አልቻልክም” የሚል ፍርድ አይሰማም፤ ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ቦታ ያጣ ልጅ ግን ይሰማዋል፣ ብዙውን ጊዜም ወደ ሙዚቃ ተመልሶ አይመጣም። ድራማው ከመዝሙሩ ጋር አብሮ መታቀድ አለበት የምለው ስለዚህ ነው።

ተውኔቱን ስመርጥ ያየሁት መስፈርት ብዙ ሰው የሚይዝ መሆኑን፣ አንድ ሁለት ልጆች ብቻ ገንነው ሌሎቹ ዛፍና ወታደር ሆነው የሚቆሙበት አለመሆኑን ነበር። መፍትሔውን ያገኘሁት ከጥንት ግሪኮች አሠራር ነው። በግሪክ ተውኔት ውስጥ ኮሮስ የሚባል፣ በጥንቱ ተውኔት ጸሐፊ በሶፎክልስ ዘመን 15 ያህል ሰዎች ይኖሩበት የነበረ ቡድን እየዘመረና እየተንቀሳቀሰ በታሪኩ ውስጥ ይሳተፍ፣ ገጸ ባሕርያቱን ይጠይቅ፣ ያስጠነቅቅ፣ ያዝን ነበር፤ ተዋናዮቹም ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ስለዚህ የዓመቱ ተውኔታችን የከተማ ሰዎችን የሚወክል አንድ ትልቅ ቡድን እንዲኖረው አድርገን ጽሑፉን ከልጆቹ ጋር አዘጋጀነው። መዝሙሩን የሚዘምረው ይኸው ቡድን ነው። ድምፁ ያልተለወጠው ይዘምራል፣ በለውጥ ላይ ያለው በምት ይናገራል፣ የረጋው የታችኛውን ድምፅ ይይዛል፤ ሁሉም ግን በአንድ መድረክ ላይ፣ በአንድ አልባሳት ይቆማሉ። የሌላ ደራሲ ተውኔት የሚመርጥ መምህር ደግሞ መብቱ የተጠበቀ ሥራ ከሆነ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ፈቃድ ይጠይቅ፤ ልጆቹም ለደራሲ ድካም ክብር መስጠትን ከዚያ ይማራሉ።

በወንዶች ትምህርት ቤት የሴት ገጸ ባሕርይ ማን ይጫወታል የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። የሴት ሚናዎችን ከጽሑፉ ማውጣት ቀላል መንገድ ቢመስልም ታሪኩን ያጎድላል፤ ልጆቹም እናት፣ እህት፣ አያት የሌሉበት ዓለም እንዲያሳዩ ያስገድዳቸዋል። በእንግሊዝ እስከ 1660 እ.ኤ.አ. ድረስ በሕዝብ መድረኮች ላይ የሴት ሚና የሚጫወቱት ወጣት ወንዶች እንደነበሩ፣ በሼክስፒር ዘመን የነበሩት ታላላቅ የሴት ገጸ ባሕርያትም ለእነዚህ ልጆች የተጻፉ መሆናቸውን ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ያስቀመጥኩት ደንብ አጭር ነበር፤ ድምፅ ማቅጠን የለም፣ መሽኮርመም የለም፣ ለማሳቅ መሞከር የለም። የእናትን ሚና ለወሰደው ልጅ “ልጇ በሌሊት ያልመጣላት እናት በር ላይ ቆማ ምን ታስባለች?” ብዬ ጠየቅሁት። ብዙ ካሰበ በኋላ ነጠላውን አላስተካከለም፣ አልተውረገረገም፤ በሩን ከፈተ፣ ወጥቶ አየ፣ ቀስ ብሎ ዘጋው፣ እጁን ግን ከመዝጊያው ላይ አላነሣም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሚና የሳቀ ልጅ አላየሁም። ለገጸ ባሕርይው ክብር የሰጠ ተዋናይ ከተመልካቹም ያንኑ ክብር ያገኛል።

ስለ ልምምዱ ሂደት በዝርዝር መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ንባብ፣ የመድረክ እንቅስቃሴ፣ በቃል መያዝ፣ ሙሉውን ሳያቋርጡ መሄድ፣ የብርሃንና የድምፅ ልምምድ፣ በመጨረሻም በሙሉ አልባሳት የሚደረገው ልምምድ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳሉ። ትኩረት የሚሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ንግግር ነው። ልጆች ጮክ ብለው እንዲናገሩ ሲነገራቸው አናባቢውን ይጎትታሉ፣ ጉሮሯቸውንም ይጨምቃሉ፤ በአዳራሹ መጨረሻ ለተቀመጠው ሰው ግን የሚደርሰው የቃሉ መጨረሻ ነው። ስለዚህ በመዝሙሩ ልምምድ ላይ ቃላትን በሹክሹክታ ሳይሆን በዝግታና በጥራት፣ የቃሉን የመጨረሻ ፊደል ሳይውጡ እንዲናገሩ እናለማምዳለን፤ ይኸው ልምምድ ድራማውን ጠቀመው፣ የድራማውም ልምምድ መዝሙሩን። ሁለተኛው የመድረክ ጠብ ነው። ወንዶች ልጆች ጠብ ያለበት ትዕይንት ሲሰጣቸው ዓይናቸው ያበራል፤ አደጋው ያለውም እዚያው ላይ ነው። ደንቡ እንቅስቃሴውን የሚመራው “መቺው” ሳይሆን “ተመቺው” ልጅ መሆኑ ነው። ጸጉሩ የተያዘ የሚመስለው ልጅ ራሱ የያዡን እጅ ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ የተገፋው ራሱ ይወድቃል። እያንዳንዱ እርምጃ በቁጥር ይጠናል፣ መጀመሪያ እጅግ በዝግታ፣ ከዚያ በግማሽ ፍጥነት፤ ከመድረክ በፊት በዚያው ቀን አንድ ጊዜ ይደገማል። ተለዋጭ መንገድ አይፈለሰፍም።

መድረክ ላይ መውጣት የማይፈልጉ ልጆች አሉ፤ እነርሱን ማስገደድ ተገቢ አይደለም፣ መተውም ተገቢ አይደለም። ከሁሉም ዝም የሚል አንድ ልጅ የመድረክ አስተባባሪ ሆነ። የእያንዳንዱን ሰው መግቢያና መውጫ፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ቦታ፣ የመብራቱን መቀያየሪያ በጽሑፈ ተውኔቱ ጠርዝ ላይ በሦስት ዓይነት ቀለም ጻፈው። በትዕይንቱ ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ የእጅ መብራቱን በጨርቅ ሸፍኖ ገጽ በገጽ ሲከተል፣ ትልልቆቹ ልጆች ሳይቀሩ የእርሱን እጅ ምልክት ሳያዩ አይንቀሳቀሱም ነበር። አንድ ዕቃ ቦታው ላይ ባይገኝ ጥያቄው የሚቀርበው ለመምህሩ ሳይሆን ለእርሱ ነው። እንዲህ ያለ ኃላፊነት ለተሰጠው ልጅ ሙሉ ሥልጣን አብሮ ሊሰጠው ይገባል፤ መምህሩ በእርሱ ላይ አልፎ ትእዛዝ ከሰጠ ሥራው ይፈርሳል።

የጊዜ ሰሌዳ ጉዳይ ከሙዚቃው የበለጠ ይፈትናል። በወንዶች ትምህርት ቤት ኳስ አለ፤ ልጅን በኳስና በመዝሙር መካከል እንዲመርጥ ማስገደድ ጥሩ ልጆችን ማጣት ነው። ገና ዓመቱ ሲጀምር ከስፖርት መምህሩ ጋር ተቀምጠን ቀናቱን ተካፈልን፤ ጨዋታ ባለበት ሳምንት ተጫዋቾቹ ከእኔ ዘንድ ይቀራሉ፣ ትዕይንት ባለበት ሳምንት ደግሞ እርሱ ይለቅልኛል። ትዕይንቱን ከፈተና ሰሞን በበቂ ርቀት አስቀድመን አደረግነው። ከወላጆችም ጋር እንዲሁ አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል። አንድ አባት መጥተው “መምህር፣ ልጄ ትምህርቱን ትቶ ዘፋኝ ሊሆንብኝ ነው” ሲሉኝ፣ “አባቱ፣ እስቲ አንድ ልምምድ ቁጭ ብለው ይዩልኝ” አልኳቸው። ተቀምጠው አዩ፤ ልጃቸው የሁለተኛ ድምፅ አለቃ ሆኖ ታናናሾቹን በትዕግሥት ሲያስተካክል፣ ሰዓቱን ሲያከብር፣ በቃሉ የያዘውን ሲያደርስ ተመለከቱ። በኋላ ለአልባሳቱ የሚሆን ጨርቅ ያመጡልን እርሳቸው ነበሩ። የክርክር ቃል ከሚያሳምነው ይልቅ ልምምዱን ማየት ብዙ ወላጅ ያሳምናል።

ትዕይንቱ ሲቃረብ ድምፃቸው በቅርቡ የተለወጠ ልጆች ማንም ሳይነግራቸው ይጨነቃሉ። የአቋቋሙን ቦታ እንደዚህ አሰናዳሁት፤ በለውጥ ላይ ያሉትን በመሃል፣ ለኪቦርዱ ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ግራና ቀኛቸውን ድምፃቸው በረጋ ልጆች አጀብኳቸው። ከጎኑ የተረጋጋ ድምፅ የሚሰማ ልጅ ራሱም ይረጋጋል። ለእያንዳንዳቸው በግል፣ ድምፅህ በዚያ ቦታ እንቢ ካለህ አፍህን ሳትዘጋ አንድ ሐረግ አሳልፈህ ቀጥል፣ ማንም አያይህም፣ ቡድኑ ይሸከምሃል አልኳቸው። ይህንን ፈቃድ አስቀድሞ ያገኘ ልጅ በአብዛኛው አይጠቀምበትም። ዝግጅቱንም አላስረዘምነውም፤ ድራማውና መዝሙሩ ተቀናብረው ከአንድ ሰዓት ብዙም አላለፉም፤ ልጆች ትኩረታቸውን ይዘው የሚቆሙበት ጊዜ ከአዋቂዎቹ ያነሰ ነውና። መውጫው ላይ ተራኪ የሆነው ልጅ የመጨረሻውን ቃል በአዲሱ ወፍራም ድምፁ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ቡድኑ ከሥሩ በዝቅታ ገባለት።

ለቀጣዩ መምህር ያስረከብኩት ነገር ደብተሩን ነው። በእያንዳንዱ ልጅ ስም ትይዩ የድምፁ ወሰን በየጊዜው ተመዝግቧል፤ በመዝሙሩ የቆመበት ክፍል፣ በድራማው የያዘው ሥራ፣ ከመድረክ ጀርባ የቻለው ነገርና የትኛው ጓደኛው አጠገቡ ቢቆም እንደሚበረታ ተጽፎበታል። በክረምቱ ዕረፍት ጊዜ ብዙዎቹ ስለሚለወጡ፣ አዲሱ ዓመት ሲጀመር መዝሙር ከመመረጡ በፊት ሁሉም እንደገና ሊሰሙ ይገባል፤ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የጻፍኩትም ይህንኑ ነው። በተለይም ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ድምፅ ውስጥ የነበሩትን አስቀድሞ መስማት ይሻላል፤ ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ አሁን ሦስተኛውን ድምፅ ለመያዝ የደረሱ ይሆናሉ፣ ለታናናሾቹም ከሁሉ የሚሻሉት የክፍል አለቆች እነርሱ ናቸው።